ደረቅ ፈረቃ

ልጄ ስልክ ላይ የምታወራውን የሰማሁት መታጠቢያ ቤት ሆኜ ነው። ቧንቧው ሲፈስ ስለሚጮህ ማንም የሚሰማት አልመሰላትም፤ እኔ ግን ቧንቧውን ዘግቼ፣ ፎጣውን ፊቴ ላይ እንደያዝኩ ጆሮዬን አቁሜ ነበር። «ከነገ ጀምሮ ልጅቷን ከትምህርት ቤት አንቺ ብታመጪልኝ» ትላለች፤ የምታነጋግረው ታችኛው ፎቅ ላይ ያለችውን ልብስ ሰፊ ነው። «አይ፣ ለእማዬ ገና አልነገርኳትም። ዛሬ ሐኪም ጋ ልወስዳት ነው፤ ለደም ግፊትሽ ነው ብያታለሁ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የጨመረችውን ባልሰማው ይሻለኝ ነበር። «ልጄን ለእሷ መስጠት ፈራሁ» አለች። ይህን የምትለው እኔው ብቻዬን ያሳደግኳት ልጅ ናት። ፎጣውን መስቀያው ላይ መለስኩና ምንም እንዳልሰማ ሰው እያዛጋሁ ወጣሁ። ቁርስ ላይ እሷ ስለ አየሩ አወራች፣ እኔም ስለ አየሩ መለስኩላት።

ልብስ ሰፊዋን ምንም አልላትም፤ ደህና ሴት ናት፣ የቀሚሴን ጫፍ ስትሰፋልኝም በነፃ ነው። ግን የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት ማምጣት የቀረችኝ አንዲት ስራ ናት። ቤቱ ውስጥ ሌላው ሁሉ ያለ እኔ ይሄዳል። ልብሱን ማሽን ያጥባል፣ ወለሉን ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ትወለውላለች፣ እኔ አንድ ነገር ላነሳ ስነሳ «ተዪው እማዬ፣ ተቀመጪ» ይባላል። ትምህርት ቤት የሚለቀው ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው፤ እኔ ግን ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ጫማዬን አጥልቄ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ እላለሁ። መንገዱ ለአዋቂ አስራ ሁለት ደቂቃ ነው። ከእሷ ጋር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ እሷ ድመት ባየች ቁጥር ትቆማለች፣ እኔም ደግሞ ቲኬት ስቆርጥበት ስለኖርኩት አውቶቡስ ማውራት ከጀመርኩ አፌ አይዘጋም። ያቺን ግማሽ ሰዓት ከወሰዱብኝ ቀኑን ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ጥፋቴን አልክድም። ባለፈው ማክሰኞ ልጅቷን ተቀብዬ ወደ ቤት በመሄድ ፈንታ ወደ ግራ ታጠፍኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ራሴን ቀለል አለኝ፣ እግሬም ወጣትነቱ የተመለሰለት ይመስል ፈጠነልኝ። ቦርሳዋን አንጠልጥዬላት ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሄድንና የድሮው አስራ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ የመጨረሻ ፌርማታ ደረስን። ፌርማታው አሁን ጎማ መሸጫ ነው። ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና «ተረኛው አውቶቡስ እስኪመጣ እንጠብቃለን» አልኳት። አስራ ሰባት ቁጥር ከቀረ አስራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ እኔና እሱ ባንድ ዓመት ነው ጡረታ የወጣነው። ጎማ ሻጩ ግራ ሲገባው ከልጅቷ ደብተር ላይ ስልክ ፈልጎ ደወለ፣ ልጄም ከአንድ ሰዓት ተኩል ጭንቀት በኋላ መጥታ አገኘችን። ልጅቷ አላለቀሰችም። እኔም አልፈራሁም ነበር። እንዲያውም ከጡረታ ወዲህ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሞተሩን የምሰማው፣ የሹፌሬን ሳል የምሰማው ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው የሚያስፈራኝም ያ ደስታ ነው።

ሐኪም ቤት የሄድነው በአውቶቡስ ነው። የዛሬው አውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ የለውም። ሰው ሁሉ ካርዱን ማሽን ላይ ያስነካል፣ ማሽኑ ጢጥ ይላል፣ አለቀ። ማንም ማንንም ቀና ብሎ አያይም። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የኋላው በር አጠገብ ቆሜ፣ የቲኬቱን ጥቅል አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ የመጨረሻው ሰው እግሩን ሲያነሳ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ በመዳፌ መትቼ «ሳበው» እል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ሳበው ብሎ ያወጣልኝ ስም እስከ ጡረታ ተከትሎኛል። ሹፌሬ ደግሞ ዝምታው ነበር የሚባለው፤ በቀን አስር ቃል ከተናገረ በዝቷል፣ ግን በትከሻው እንቅስቃሴ እንግባባ ነበር። ጠዋት ጠዋት እንቅልፍ የሚያዳፋት አንዲት ነርስ ነበረች፣ ፌርማታዋ ሲደርስ ትከሻዋን የምነካት እኔ ነኝ። አንድ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፣ የተማሪዎቹን ፈተና ቆሞ ያርማል፤ ፍሬን ሲያዝ ቀይ እስክሪብቶው ይስትና የአንዱን ጎበዝ ልጅ መልስ በስህተት ያሰርዘዋል። አሁን ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው አውቶቡሱ ላይ የለም። ልጄን «በእኛ ጊዜ» ብዬ ስጀምርላት መስኮቱን እያየች «እ» አለችኝ፤ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር።

ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ግድግዳው ላይ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን አለ፤ አንድ ሰው አትክልት ይከትፋል፣ ማንም አያየውም። የካርድ ዋጋ ጨምሯል ተብሎ ወረቀት ተለጥፏል፤ ሰው ሁሉ እየመጣ ወረቀቱን አንብቦ ይተነፍስና ይከፍላል። ሐኪሙ ገና ለጋ ነው። ሰላም ካለን በኋላ ዓይኑን ልጄ ላይ አድርጎ «ይረሳሉ?» ብሎ ጠየቃት። እኔ መሀላቸው ተቀምጬያለሁ። ልጄም እኔን ላለማየት ጠረጴዛውን እያየች «አንዳንዴ» አለች። ለደም ግፊት አለመምጣታችንን ማወቄን ያኔ እሷም አወቀች። ከዚያ ፈተናው መጣ። ቀኑን ጠየቀኝ፣ ባንድ ቀን ሳትኩ። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ቁጠሩ አለኝ፤ ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰባ ዘጠኝ፣ ሰባ ሁለት ብዬ ትንፋሽ ሳልወስድ ወረድኩለት፤ የሳንቲም መልስ ስመልስ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ በዚህ አይመጣብኝም። ሐኪሙ ፈገግ አለ። ቀደም ብሎ ያስያዘኝን ሦስት ቃላት ሲጠይቀኝ ግን ቁልፍ አልኩ፣ ወንበር አልኩ፣ ሦስተኛዋን አጣኋት። ምላሴ ላይ ናት፣ ግን የለችም። ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ያኔ ነው ቀልቤ የተገፈፈው።

ደም ሰጠሁ። ሽንት ስጡ ሲሉኝ የፕላስቲክ ዕቃዋን ይዤ ገብቼ ብዙ ቆየሁ፤ ከውጭ ልጄ ሁለት ጊዜ አንኳኳች። የወጣው የዕቃዋን ስር እንኳ የማትሸፍን ጠብታ ናት፣ መልኳም የቆየ ሻይ። የላብራቶሪዋ ሴትዮ በዕድሜ ጠና ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ናት። ዕቃዋን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችና መነጽሯን አወረደችው።

«እማማ፣ ዛሬ ስንት ብርጭቆ ውሃ ጠጡ?»

«ገና ነው።»

«ገና ነው ማለት?»

«ገና አልመሸማ።»

ልጄ ቀልድ መስሏት ነበር። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም፤ ትናንትስ፣ ከትናንት ወዲያስ እያለች ጠየቀችኝ፣ እኔም እንደሆነው ነገርኳት። ጠዋት ግማሽ ስኒ ሻይ፣ ከዚያ ማታ እስክገባ ምንም። «ከየት ነው የሚገቡት?» አለችኝ። ምን ልበላት? ጠዋት የምወጣበት ስራ ከሌለኝ አስራ አንድ ዓመቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ጊዜ የአስራ ሰባት ቁጥር የመጨረሻ ፌርማታ ላይ አንድ ግንብ ነበር፣ ሹፌሮቹ ወደ ግንቡ ዞር ብለው ይመለሳሉ። ለሴት ግን ቦታ የለም። ማዶ ያለው ሻይ ቤት ባለቤት «ሽንት ቤቱ ለደንበኛ ነው» ይል ነበር፤ ደንበኛ ልሁን ብዬ ሻይ ብጠጣ ደግሞ ሻዩ ራሱ ሌላ ሽንት ነው። የመጀመሪያው ወር ላይ፣ ሰው በታጨቀበት አውቶቡስ ውስጥ፣ የደረሰብኝን ለማንም አልተናገርኩም። የደንብ ልብሱ ጥቁር ሰማያዊ መሆኑ በጀኝ። በማግስቱ አንዲት የቆየች ቲኬት ቆራጭ ጠርታ አስተማረችኝ፦ ጠዋት ከወጣሽ ጀምሮ እስክትገቢ ጠብታ አይለፍሽ፣ አፍሽ ሲደርቅ የሸሚዝ ቁልፍ ከምላስሽ ስር ያዢ፣ ምራቅ ያመጣል። ደረቅ ፈረቃ እንለው ነበር። መጀመሪያ ራስ ያዞራል፣ ከዚያ ይለመዳል፣ ከዚያ ጥማቱ ራሱ ተስፋ ቆርጦ ይተውሻል። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ለራሴ ብዬ አውቶቡስ አላስቆምኩም። ይህን አፌን ሞልቼ ስናገር ኖሬአለሁ። ጡረታ ስወጣ ደመወዙ ቀረ፣ የደንብ ልብሱን መለስኩ፤ ይሄኛውን መልሺ ያለኝ ግን ሰው የለም። መጠጣት እንደምችል አላሰብኩም እንኳ። ውሃ ለእኔ የማታ ነገር ነበር።

ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ። የእጄን ጀርባ በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው፤ ቆዳው ወደ ቦታው ለመመለስ ጊዜ ወሰደበት። አሁን የሚያናግረው እኔን ነበር። «እናቴ፣ የመርሳት በሽታ ነው ብዬ ዛሬ አልፈርድም፣ አይደለም ብዬም አልምልም። ግን ሰውነትዎ ውሃ አጥሮታል፣ ሽንትዎም ኢንፌክሽን አለው። ይሄ ብቻውን በእርስዎ ዕድሜ ያለን ሰው ቀኑንም መንገዱንም ያምታታዋል። መድኃኒቱን ይውሰዱ፣ ውሃ ይጠጡ፣ በወሩ እንደገና እንፈትንዎታለን።» ከዚያ አልጋ ላይ አስተኙኝና ግሉኮስ ተሰቀለልኝ።

ልጄ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጠብታውን ስታይ ቆየች። ሁለታችን እንዲህ ተጠጋግተን ያለ ስራ ከተቀመጥን ዓመታት ሆኖናል፤ እሷ ቤት ስትገባ ሁልጊዜ እጇ ላይ አንድ ነገር አለ። አጠገባችን ያለው አልጋ ላይ አንዲት ሴት ታንኮራፋለች። እኔን ሳታይ «ልጅ ሆኜ አኮርፍሽ ነበር» አለች። «ቀኑን ሙሉ ጠብቄሽ፣ ስትገቢ በሩ ላይ ቆሜ፣ አንቺ አልፈሽኝ ወደ ውሃው ትሄጃለሽ። ሦስት ብርጭቆ ቆመሽ ትጠጫለሽ፣ ከዚያ ነው የምትስሚኝ። ከእኔ ውሃው ይበልጥባታል እል ነበር።» ይህንን ስትነግረኝ የመጀመሪያዋ ነው። ያ በር ትዝ አለኝ፤ የዚያ ቤት ጠባብ ኮሪደር፣ የውሃ ማሰሮው የተቀመጠባት በርጩማ፣ ከበሩ ጥግ ያለች አንዲት ቀጭን ልጅ ሹራቧን በጣቷ ስትጠመዝዝ። ሁልጊዜ ልስማት አስቤ ነበር የምገባው። አፌ ግን ደርቆ ከጥርሴ ጋር ስለሚጣበቅ ልጄን በደረቅ አፍ መሳም አልፈልግም ነበር። ይህን ልነግራት ፈለግኩ። እጇን ብቻ ያዝኩት።

«የጠዋቱን ስልክ ሰምቻለሁ» አልኳት።

«ውሃው እየፈሰሰ መስሎኝ።»

«ዘግቼው ነበር።»

አለቀሰች። ግን ሐሳቧን አልቀየረችም፤ በወሩ እስክትታዪ ልብስ ሰፊዋ ታምጣት፣ እኔም ሰው ነኝ፣ ያን ቀን የሞትኩትን ሞት አንቺ አታውቂውም አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን እውነት መሆኑ አልጠቀመኝም። ልለምናት ቃል ፈለግኩ፤ የአንድ ወር ግማሽ ሰዓቶች ስንት ናቸው ብዬ ማሰብ ጀመርኩና ተውኩት።

ግሉኮሱ ሲያልቅ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነበር። ልጄ ከስራ ስለቀረች ልጅቷን ራሷ ልታመጣት ከእኔ ጋር ቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። በር ላይ ወላጆች ተኮልኩለው ነበር፤ አንዳንዶቹ ያውቁኛል፣ «ዛሬ ከእናቷ ጋር መጡ?» አሉኝ፣ ምንም እንዳልሆነ ራሴን ነቀነቅኩላቸው። ደወል ተደወለ። የልጅ ልጄ እየሮጠች መጥታ ወገቤ ላይ ተጠመጠመች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። እስከዚያች ቀን ከንፈሯን አላየሁትም ማለት ነው? በየቀኑ አይቼዋለሁ፤ ነፋስ ነው ብዬ ቅባት ስቀባት ነበር። ቦርሳዋን ስቀበላት ከብዶኝ ከፈትኩት። የውሃ መያዣዋ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው።

«ጠዋት እንደሞላሁልሽ ነው እኮ» አለች ልጄ። «ለምንድነው የማትጠጪው?»

«ሽንት ቤት ላለመሄድ። በሩ አይዘጋም፤ ትልልቆቹ ልጆች እየከፈቱ ይስቃሉ።» ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝና ደረቷን ነፋ አደረገች። «እኔ ግን እንደ አያቴ ነኝ። እስከ ቤት እችላለሁ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማን አስተማራት? ማንም ሌላ አላስተማራትም፤ በዚያች በምወዳት ግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ድመት ለድመት እየቆምን፣ እኔው ነኝ ያስተማርኳት። ስለ ፌርማታው፣ ስለ ሹፌሬ ስለ ዝምታው፣ አንድም ቀን አውቶቡስ ስላለማስቆሜ። ደስ እያለኝ፣ እንደ ጀግንነት እያሳመርኩ ነግሬአታለሁ። ያፈርኩበትን፣ የደንብ ልብሴ ቀለም የሸፈነልኝን ቀን ግን አልነገርኳትም። የሰባት ዓመት ልጅ የሰማችውን ተቀብላ ከንፈሯን አድርቃ ቁጭ ብላለች። ልጄን ማየት አልቻልኩም። ልብስ ሰፊዋ ብታመጣት ይሻላል ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብኩ።

መያዣውን ከፈትኩትና እዚያው ቆሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ጠጣሁ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ለልጅቷ ሰጠኋት፤ ዓይን ዓይኔን እያየች ጠጣች። ከዚያ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ወደ ዘበኛው ሄድኩ። ዘበኛው ሽማግሌ ነው፣ በየቀኑ ሰላም እንባባላለን። ወንድ ፊት ያችን ቃል በሕይወቴ አውጥቼ አላውቅም።

«ሽንት ቤት እንፈልጋለን» አልኩት።

«ለወላጅ አይፈቀድም እማማ፣ ለተማሪ ብቻ ነው።»

«ተማሪዋ ይቻትና። በሩ እንደማይዘጋ ታውቃለህ?»

አላወቀም ነበር ወይም ያወቀ መምሰል አልፈለገም፤ ጫማውን እያየ መንገዱን ለቀቀልን። ሽንት ቤቱ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ነው፣ ሦስት በር አለው፣ መቀርቀሪያ ያለው አንድም የለም። ልጅቷ አንደኛው ጋ ደርሳ አመነታች። «ግቢ» አልኳት። በሩን ከኋላዋ ዘጋሁና ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምኩ። አራት ትልልቅ ልጆች እየተገፋፉ መጡ። አንዷ እጇን ወደ በሩ ዘረጋች፣ ዓይኔን አየችና እጇን ወደ ኪሷ መለሰች። ሠላሳ አንድ ዓመት በር ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ። ማን እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚጠብቅ በዓይን ብቻ መናገር እችላለሁ። «ተራ ያዙ፤ ለእናንተም በሩን እይዝላችኋለሁ» አልኳቸው። ተያዩና ተሰለፉ፤ ከመሀላቸው አንዷ ቶሎ እንዲደርሳት እንደቸኮለች ከአቋቋሟ ገባኝ።

ልጄ ቦርሳውን ታቅፋ ትንሽ ራቅ ብላ ታየን ነበር። መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ነገ ቀደም ብለሽ ድረሺ» አለችኝ። «እረፍት ሰዓት ላይ። እንዲያስገቡሽ ከርዕሰ መምህሯ ጋር እኔ እነጋገራለሁ።»

«ልብስ ሰፊዋስ?»

«እሷም ትመጣለች» አለች ልጄ። «መንገዱን እሷ ትያዝ፤ በሩን አንቺ ያዢ።»

ዝምታው መሪውን ሲይዝ እኔ በሩን ስይዝ ነው የኖርኩት፤ በዚህ የሚከፋው ሰው አይደለሁም። ልጅቷ ከውስጥ «አያቴ፣ አለሽ?» አለችኝ፣ «አለሁ» አልኳት፣ ጨረስኩ እስክትል ድረስም ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም።